ጭብጨባው የማን ነበር?

ባለፈው የገበያ ቀን ፎንቆ ከተማ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ጠጉራቸው የሸበተ አራት ሰዎች የማርሽ ሙዚቃ ትዝታ አንስተው ክርክር ገጥመዋል። አንዱ «ክቡር ዘበኛ!» ይላል። ሌላው «ከፖሊስ ወዲያ ላሳር!» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ጠረጴዛውን በጣቶቹ እየደበደበ የታምቡሩን አመታት ያሳያል፤ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ሙዚቃ የወደደን ሰው ማን ይቆጣል?

አራተኛው ግን ክርክሩን ዘጋው። «ሰልፍና ማርሽማ መስከረም 2 ቀን 1977 ቀረ! ሕዝቡ እንዴት እንዳጨበጨበ! እንደዚያ ያለ ጭብጨባ እኮ ከዚያ ወዲህ ተሰምቶ አያውቅም» አለ። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ሻዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ለመሆኑ ያ ጭብጨባ የማን ነበር?

ነገሬ እንዳይጣመምብኝ አስቀድሜ ልናገር። እኔ የታምቡርና የመለከት ጠላት አይደለሁም። ዘመናዊ ሙዚቃችን ከጦር ሰፈር እንደ ወጣ የማያውቅ ካለ ይወቀው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የመለከት መሣሪያዎች ላኩላቸው። በጳጉሜን 1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ከሚገኘው የአርመን ገዳም የተቀበሏቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ገቡ፤ «አርባ ልጆች» የምንላቸው ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ በጻፈው ግጥም ላይ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ሠራ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውዱ በዓል ላይ የተሰማው ያ ነው። ኋላም ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ሒሩት በቀለ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ወጡልን። እንግዲህ ይኼን ሁሉ የሰጠንን ማን ይጠላል? ሙያውን ማን ይክዳል?

ጠቡ ከከበሮው ጋር አይደለም። ጠቡ ከበሮውን ካስመታው ሰው ጋር ነው።

ገዢ ሁሉ ሙዚቀኛ ይቀጥራል፤ ተመልካቹን ግን ይፈራል። የታኅሣሥ 1953ቱን ነገር አስታውሱ። የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ጣጣው ለዘፋኙም ተረፈ። ጥላሁን ገሠሠ ታሰረ። መትረየስ የሚተኩሰው ሌላ፣ የሚታሰረው ባለ ማይክራፎኑ! ይኼ የሚያሳየን አንድ ነገር ነው። ሙዚቀኛው የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር፤ ዕቃ ደግሞ ባለቤቱ ሲጣላ አብሮ ይሰበራል።

አሁን ወደ ትዝታችን፣ ወደ መስከረም 2 ቀን 1977 እንምጣ። ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ያከበረበት ቀን ነው። ኢሠፓ በጳጉሜን ተመሥርቷል። ትግላችን ሐውልት ተመርቋል። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው አደባባዩን አስጊጠዋል፤ ሰልፉንም በስልት አሠልጥነዋል። መስቀል አደባባይ «አብዮት አደባባይ» ተብሎ ተሽሞንሙኗል። ለዚህ ሁሉ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ ይባላል።

በዚያው ሰሞን ሰሜኑ በረሃብ ይረግፍ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽኑ ኃላፊ የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደጊዮርጊስ፣ ማስጠንቀቂያቸው ለበዓሉ ሲባል እንዴት ወደ ጎን እንደ ተባለ በኋላ ከአገር ወጥተው ጽፈውታል። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ የውጭ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳይሄድ ተከለከለ። የኮረም ምስል በቢቢሲ ለዓለም የታየው ጥቅምት 13 ቀን ነው። ልብ በሉ፤ ከታምቡሩ እስከ ኮረም ፊልም አርባ አንድ ቀን ብቻ! በረሃቡ ያለቀውን ሕዝብ ዝቅ አድርገው የቆጠሩት 400 ሺህ፣ ከፍ ያደረጉት 1 ሚሊዮን ይሉታል። የእነዚያ ሰዎች ጭብጨባ የት አለ?

«እሱ አዲስ አበባ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። አገባን እንጂ! እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ለአሥረኛው ዓመት በየአውራጃው፣ በየወረዳው ሰልፍ ታዟል። ክረምት ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። «ግራ! ቀኝ!» እየተባልን ለሳምንታት ጭቃ ስንረግጥ ከረምን። የጦር ሠራዊት ታምቡር ከየት ይምጣ? አንድ ልጅ የተቆረጠ በርሜል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመታ ነበር። ከከበሮ መቺው ጎን ደግሞ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይቆማል። እሱ ነበር ዋናው ሙዚቀኛ! የቀረውን ይመዘግባል። ስሙ የተመዘገበ ተማሪ አባት ለስኳርና ለሳሙና ተራ ሲደርስ «አልቋል» ይባላል።

በአገራችን ደግሞ የአማኝ ቤተሰብ ብዙ ነው። በዚያ ዘመን በደቡብም በወለጋም ስንት ጸሎት ቤት እንደ ተዘጋ የታወቀ ነው። በመዘምራን ውስጥ ድምፁ የተሞረደ ወጣት «ና ለኪነት» እየተባለ ይጎተት ነበር። ያ በርሜል መቺ ልጅም ከነዚህ አንዱ ነው። ማርሹን ይመታል፤ መፈክር ሲባል ግን ግራ እጁን አያነሳም። በልምምድ ላይ ታለፈ፤ ሁለቱም እጆቹ በርሜሉ ላይ ናቸዋ!

የበዓሉ ቀን ካድሬው ነቃ። «ከበሮው ቁም!» አለ። «አሁን ሁሉም ግራ እጁን ያንሣ!» ልጁ ሁለቱን ዱላዎች በርሜሉ ላይ አስቀመጠና እጆቹን ወደ ታች አንጠለጠለ። ካድሬው ጮኸ። ልጁ ዝም። ካድሬው ወደ ሕዝቡ ዞረና «አውግዙት!» አለ። እኔ ያን ዕለት ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ያ ሁሉ ቅድም እጁ እስኪላጥ ሲያጨበጭብ የነበረ ሕዝብ ጸጥ አለ። አንድ ሰው አላወገዘም። አንዲት እናት ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ ስትጭን ታየችኝ። ልጁን ማታውኑ ወሰዱት፤ ከሦስት ወር በኋላ ራሱን ተላጭቶ ተመለሰ።

እንግዲህ የሕዝቡ እውነተኛ አስተያየት የትኛው ነበር? በደብተር የተቆጠረው ጭብጨባ ወይስ ማንም ያላዘዘው ያ ዝምታ?

ይባስ ብሎ በዚያው ዓመትና በተከታዩ ሠፈራ መጣ። ከሐዲያና ከከምባታ ስንቱ ገበሬ እንሰቱን ጥሎ ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ ተጓዘ! ሽኝት የቀረውን ያልቅስ እንጂ እዚያ ወባ የበላውን ስንቱን አንስተን እንችላለን? የ1977ን ማርሽ የሚያስታውስ ሰው የ1977ን የጭነት መኪናም ያስታውስ። ትዝታ ግማሹን ቆርጠው የሚወስዱት ጨርቅ አይደለም።

«ዲሲፕሊን ነበር» ይሉናል። እውነት ነው፤ ሺህ ሰው አንድ እግር ያነሣ ነበር። እሥር ቤትም ዲሲፕሊን አለ። «ሙዚቀኛው ባለሙያ ነበር» ይሉናል። ነበር! ለዚያ ባለሙያ ታዲያ ምን ተደረገለት? በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን መለከት ነፊውም ወታደር ነበርና «የደርግ ወታደር» ተብሎ ተበተነ። ትናንት ሲያስጨበጭቡበት የነበሩትም፣ በትነው የመጡትም ዞር ብለው «እንዴት ዋልክ?» አላሉትም። ማርሹን እንወዳለን የሚሉ ሁሉ እስቲ አንድ የቀድሞ ታምቡር መቺ ቤት ሄደው ይጠይቁ፤ ጡረታው ስንት ነው ይበሉ።

ደርግ ወደቀ። አደባባዩ ስሙ ተመለሰለት። የማስጨብጨብ አባዜው ግን አብሮ አልወደቀም፤ ካኪውን አውልቆ ከነቴራ ለበሰ እንጂ። ባለሥልጣን ይመጣል ሲባል ተማሪው ከክፍል ይወጣል፤ ባንዲራ ይሰጠዋል፤ ፀሐይ ላይ ይቆማል። እንግዳው በአራት ሰዓት ይደርሳል ተብሎ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ልጁ ውኃ ጠምቶት ያጨበጭባል። ማታ በዜና «ሕዝቡ ደማቅ አቀባበል አደረገ» ይባላል። አይ ደማቅ! ደብተር ያዡስ ዛሬ የት ቆሞ ይሆን?

ልዩነቱን ማየት የፈለገ ስታዲየም ገብቶ ሐዲያ ሆሳዕና ሲጫወት ይመልከት። እዚያም ከበሮ አለ፤ እዚያም ሺህ ሰው ይጮኻል። ቡድኑ ሲያገባ ምድር ትናወጣለች፤ ሲያበላሽ ደግሞ ያው ከበሮ መቺ ራሱ ተነሥቶ ይሳደባል! ማንም ስሙን አይመዘግብም። በመስቀል ሰሞንም ሐዲያው ለያሆዴ፣ ከምባታው ለመሳላ ሲጨፍር ማን አዘዘው? የወደደ ይጨፍራል፤ የደከመው ይቀመጣል። ጭብጨባ ዋጋ የሚኖረው መከልከል የሚችል ሰው ሲሰጠው ነው። መከልከል የማይችል ሰው ያጨበጨበው ጭብጨባ ግብር ነው፤ እንደ ማንኛውም ግብር ተሰበሰበ እንጂ አልተሰጠም።

ስለዚህ የምንለው ይኼ ነው። የማርሽ ባንድ ይኑር። ትምህርት ቤት ታምቡር ይግባ፤ የፎንቆም ልጅ መለከት ይማር። ደብተሩ ግን ይቅር። ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ለሹም ማስጨብጨብ ይቁም። የትናንቱን ስናወራም ሙሉውን እናውራ፤ ከታምቡሩ ጋር ኮረምን፣ ከመለከቱ ጋር መተከልን፣ ከመሪው ዱላ ጋር ያን ዱላውን ያስቀመጠ ልጅ።

ከሻይ ቤቱ ሳልወጣ ያንን አራተኛውን ሰውዬ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት እርስዎ የት ነበሩ?»

«አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የቀን ሥራ እየሠራሁ። አደባባይ ወጥቼ አጨብጭቤያለሁ!» አሉ፣ ኮራ ብለው።

«ባይወጡስ ኖሮ?»

ሰውዬው ሳቁ። «ምን ነካህ አንተ ልጅ? ስኳሩስ?»

ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ጠረጴዛውን ሲደበድብ የነበረውም ጣቶቹን ሰበሰበ። ማንም ሌላ ቃል አልጨመረም።

ልብ ያለው ልብ ይበል!