መስኮቱ አንድ፣ ጠረጴዛው ሰባት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ የካ ውስጥ አንድ ቢሮ ጉዳይ ለማስፈጸም ሄጄ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ወረፋ ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» አለችን። ማንም አልተቆጣም፤ ለምደነዋል። ወጥቼ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አቅጣጫ ሳዘግም፣ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የወረዱ ሁለት እናቶች ሸክማቸውን የመብራት እንጨት ሥር አሳርፈው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ሽቦው ከራሳቸው በላይ ነው፣ እራት የሚበስለው ግን በጀርባቸው በተሸከሙት ነው።

ይህን ያነሳሁት የኃይል ማመንጫ ፈቃድ በኦንላይን በአንድ መስኮት ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ ስለምደግፍ ነው። ሚያዝያ 2017 መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈት ከተደሰቱት አንዱ ነኝ። ነገር ግን መሶቡ ቢያምርም እንጀራውን የሚጋግሩት ሌሎች ናቸው።

እስኪ አንድ የግል ኩባንያ የፀሐይ ወይም የእንፋሎት ኃይል አመንጭቶ ለመሸጥ ቢነሳ የት የት እንደሚዞር እንቁጠር። መሬቱ ከክልል ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ወደ አካባቢ ጥበቃ ይሄዳል። የኢንቨስትመንት ፈቃዱ ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን፣ የማመንጨት ፈቃዱ በአዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ከተባለው መሥሪያ ቤት ነው። ኃይሉን የሚገዛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የመንግሥት ዋስትና ከተፈለገ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ ዶላሩ ብሔራዊ ባንክ። ሰባት ጠረጴዛ። ኦንላይን ሲስተሙ ታክሲውን ያስቀርልናል፤ ፊርማውን ግን ራሱ አይፈርምም።

ያለፉት ዓመታት ታሪክም ይህንኑ ይነግረናል። ኮርቤቲና ቱሉ ሞዬ የተባሉት የእንፋሎት ፕሮጀክቶች የኃይል ግዢ ስምምነት የፈረሙት በታኅሣሥ 2010 ነው። በዚያው ዓመት የጣሊያኑ ኤኔል የመተሐራን የ100 ሜጋዋት የፀሐይ ጨረታ አሸነፈ። በ2012 የሳዑዲው አክዋ ፓወር በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ጋድ፣ በድምሩ 250 ሜጋዋት፣ ኪሎዋት ሰዓቱን 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም በሆነ ዋጋ ተዋዋለ። ያን ዋጋ ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጥሬ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ እስካሁን ለብሔራዊ ግሪዱ ኃይል የሚሰጥ የለም። የዘገዩት ፎርም ስለጠፋ አይደለም። በተደጋጋሚ የተነሳው ጥያቄ በብር የተሸጠው ኃይል እንዴት ወደ ዶላር ይለወጣል፣ መንግሥትስ ምን ያህል ዋስ ይሆናል የሚል ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ መደረጉ ከዚህ ጥያቄ የተወሰነውን አቅልሎት ይሆናል። ያንን ግን ከፖርታል ጋር አናምታታው።

ታዲያ ኦንላይኑ የሚጠቅመው ማንን ነው? በእኔ ግምት ትንንሾቹን። አክዋ ፓወር ጠበቃ ቀጥሮ አምስት ዓመት መጠበቅ ይችላል። በአንድ የገጠር ቀበሌ ሦስት መቶ ቤት በፀሐይ ኃይል ላብራ የሚል ወጣት መሐንዲስ ግን ስድስት ወር በአዲስ አበባ ቢሮዎች ከተመላለሰ ገንዘቡም ተስፋውም ያልቃል። «ሕዳሴ ተመርቆ የምን ሚኒ ግሪድ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀውን 5,150 ሜጋዋት ማንም አይንቅም። ሆኖም ግድቡ የመንግሥት ስለሆነ እንደ ግል ባለሀብት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አልዞረም፤ ኃይሉም መስመር ያልደረሰበት ቤት አይገባም። በ2011 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2025 እ.ኤ.አ. ሁሉም ቤት መብራት እንዲያገኝ፣ 35 በመቶው ከግሪድ ውጭ እንዲሆን አቅዶ ነበር። 2025 አለፈ። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ዛሬም በጨለማ ያመሻል።

ስለዚህ ሲስተሙን የሚሠሩት ሰዎች ፎርሙን ከማሳመራቸው በፊት አንድ ነገር ያስገቡልን፦ ፋይሉ ዛሬ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለና ስንት ቀን እንደተቀመጠ ለማንም ይታይ። አመልካቹ ብቻ ሳይሆን እኔና እናንተም እንየው። ቀኑ ካለፈ ባለሥልጣኑ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስፍር፤ ካላሰፈረ ጉዳዩ በራሱ ወደ በላይ አለቃው ይሂድ። የትንሽ ሚኒ ግሪድ ጉዳይ ደግሞ በተወሰነ ቀን መልስ ካላገኘ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ይህ የመጨረሻው ኃላፊዎችን እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። የደኅንነት ጉዳይ አለበት፣ ልክ ናቸው፤ ታዲያ መርማሪ ልከው በቀኑ አይሆንም ይበሉ።

በማግስቱ ወደዚያ ቢሮ ተመለስኩ። መብራት ነበረ። ሲስተሙም ይሠራል። ልጅቷ ፋይሌን በአንድ ደቂቃ አገኘችውና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፣ «የቀረው ማጽደቅ ብቻ ነው» አለችኝ።

የሚያጸድቁት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ።