ሳይቃጠል በቅጠል

ፎሊክ አሲድ ስሙን ያገኘው ቅጠል የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ተመራማሪዎች ከስፒናች ቅጠል ለይተው ሲያወጡት ይህን ስም ሰጡት። እኛም “ሳይቃጠል በቅጠል” እንላለን። አባባሉ ለዚህ ቫይታሚን የተነገረ ይመስላል።

ሰውነታችን ቫይታሚን ቢ9ን ደምና አዳዲስ ሴሎች ለመሥራት ይጠቀምበታል። ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ያኔ እናቲቱ ማርገዟን እንኳ ላታውቅ ትችላለች። ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ተከፍቶ ሊወለድ ይችላል፤ በሕይወት የማይቆይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ፣ በሰባት አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ይህ ችግር ቀድሞ በደረሰባቸው እናቶች ላይ ፎሊክ አሲድ አደጋው እንዳይደገም 72 በመቶ እንደሚከላከል አሳይቷል።

እንግዲህ በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው ክኒን ለደም ማነስ ቢጠቅምም፣ ለኅብለ ሰረሰሩ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አሜሪካ ከጥር 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቫይታሚኑ በዱቄት ውስጥ እንዲጨመር ያስገደደችው ለዚህ ነው።

አገራችንስ? በአዲስ አበባ፣ በአማራና በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ችግሩ ምን ያህል የከፋ እንደሆነ አሳይተዋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት አስገዳጅ ደረጃ አጽድቋል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በዓመቱ ደግሞ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመርን ተብሎ ተበሰረ። በመንግሥት ጋዜጣ ከሠራንበት ዘመን ጀምሮ እንደምናውቀው የስንዴ ዜና የሚለካው በኩንታል ነው። ለመሆኑ ኩንታሉ ውስጥ ምን አለ? የትኛው ፋብሪካ ጨመረ? የትኛውስ አልጨመረም? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የፋብሪካዎቹን ስም እየዘረዘረ ለሕዝብ ያሳውቅ።

ይህም ቢሆን፣ እህሏን በሰፈር ወፍጮ የምታስፈጨዋን የገጠር እናት የፋብሪካ ዱቄት አይደርሳትም። የሁሉንም ጓዳ የሚያውቀው ጨው ነው። አዮዲን ከሚጨመርበት ጨው ጋር ፎሊክ አሲድም ይጨመር የሚለው የባለሙያዎች ሐሳብ ተገቢ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።

በስደት ያለነውም የአሜሪካ ዳቦ ይበቃናል ብለን አንዘናጋ። ሕጉ የሚመለከተው በንጥረ ነገር የበለጸገ ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት እንጂ የጤፍ ዱቄትን አይደለም። ከዳቦ ይልቅ እንጀራ የምታዘወትር እህታችን ከሕጉ የምታገኘው ጥቅም ያን ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ ልታረግዝ የምትችል ሴት ሁሉ አስቀድማ በቀን 400 ማይክሮግራም መውሰድ ይኖርባታል። ችግሩ ቀድሞ የደረሰባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን መጠኑ ስለሚለይ ሐኪሟን ታማክር።

በፖለቲካ ስንለያይ ኖረናል። አንድ ሕፃን ጀርባው ተዘግቶ እንዲወለድ መጠየቅ ግን ደጋፊና ተቃዋሚ የሚያስብል ጉዳይ አይደለም። ወደ አገር ቤት ስንደውል ለእህቶቻችን እንንገር፤ ባለሥልጣናቱንም ደረጃው ከወረቀት አልፎ ወፍጮው ድረስ መድረሱን እንጠይቅ።