የጥንት አውቶሞቢሎች ሰልፍ ለቤተ ሰብ የሚሰጠው ትምህርት

በሎንዶን ከተማ በየዓመቱ በኖቬምበር ወር በመጀመሪያው እሑድ ማለዳ፤ ሃይድ ፓርክ ከሚባለው ሥፍራ የጥንት አውቶሞቢሎች ተሰልፈው ይነሣሉ። ወደ ሰልፉ የሚገቡት በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1905 ዓ.ም. በፊት የተሠሩት ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ክዳን የላቸውም፤ አንዳንዶቹም በእንፋሎት የሚሄዱ ናቸው። በዌስትሚንስተር ድልድይ ተሻግረው፤ በባሕር ዳር እስካለችው እስከ ብራይተን ድረስ ከ80 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጓዛሉ።

ሰልፉ የአንድ ሕግ መታሰቢያ ነው። በ1865 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ፤ ያለ ፈረስ የሚሄድ ሠረገላ በሰዓት በገጠር ከ4 ማይል፤ በከተማ ከ2 ማይል በላይ እንዳይሄድ ይከለክል ነበር። ደግሞም አንድ ሰው ቀይ ባንዲራ ይዞ 55 ሜትር ያህል ቀድሞ በእግሩ እንዲሄድ ያዝዝ ነበር። በ1878 ዓ.ም. ባንዲራው ቢቀርም ቀድሞ የሚሄደው ሰው አልቀረም። በኖቬምበር 14 ቀን 1896 ዓ.ም. ግን አዲስ ሕግ ጸንቶ እስከ 14 ማይል ተፈቀደ። በዚያው ዕለት ባለ አውቶሞቢሎች ደስ ብሏቸው ወደ ብራይተን ተጓዙ። ስለዚህ ዛሬም ሰልፉ ሲነሣ ቀይ ባንዲራ ይቀደዳል።

ይሁን እንጂ ከዚያ ደስታ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፤ በኦገስት 17 ቀን 1896 ዓ.ም. በዚያው በሎንዶን፤ በክሪስታል ፓላስ ግቢ፤ ብሪጅት ድሪስኮል የተባሉ እናት ከልጃቸው ጋራ ሲሄዱ አውቶሞቢል ገጭቷቸው ሞቱ። በብሪታንያ በቤንዚን አውቶሞቢል ተገጭቶ ከሞተ እግረኛ የመጀመሪያዪቱ እርሳቸው እንደ ሆኑ ይነገራል። ነገሩን የመረመሩትም ሰዎች ድንገተኛ ሞት ነው ብለው ፈረዱ።

እኛም የተቀደደው ባንዲራና የሞቱት እናት በአንድነት ሊታሰቡ ይገባል እንላለን። የ1896ቱ ሕግ ማሠሪያውን ፈታ እንጂ መለኪያውን አልጣለም፤ ከ4 ወደ 14 አሳደገው እንጂ እንደ ወደዳችሁ ሩጡ አላለም።

ወላጆች ሆይ፤ ይህ ነገር በየቤታችንም አለ። ሕፃን ልጅ መንገድ ሲሻገር እጁን የምንይዘው እኛ፤ ባንዲራ ይዞ ቀድሞ እንደሚሄደው ሰው ነን። ያ እጅ የሚለቀቅበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። እጁ ሳይለቀቅ የሚያድግ ልጅ ከቤቱ ደጃፍ መራቅን ይፈራል፤ ሳይማር የተለቀቀውም ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ እጁን ይዘን ሳለን ግራና ቀኝ ማየትን፤ ቆም ብሎ ማድመጥን እናስተምረው። አስቀድመን እስከ ጎረቤት፤ ቀጥለን እስከ ትምህርት ቤት ብቻውን እንስደደው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳልና። መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ ደግሞ፤ በመንገድ ዳር የሚያየውን የሰው ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ቈጥሮ ፍጥነቱን ይቀንስ።