ፊደሉን አትክሰሱ

«የእኛ ፊደል ለቤት ማተሚያ አይመችም፤ ቅጥሉ በዝቷል» የሚል ስሞታ አለ። የዕድር ማስታወቂያ ተዥጎርጉሮ ሲወጣ፣ የልጆችን የንባብ ወረቀት ነጭ መስመር ሲያቋርጠው፣ ጥፋቱ በፊደሉ ይላከካል። ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል ሮም ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ከ500 ዓመት በፊት በማተሚያ ብረት ተለቅሞ የተነበበ ፊደል ዛሬ በፕሪንተር የማይነበብበት ምክንያት የለም።

እርግጥ ፊደላችን ብልሹ ኅትመትን አይታገሥም። «ሸ»ን ከ«ሰ» የምትለየው አናቷ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። እርሷ ከጠፋች «ሸማ» የነበረው «ሰማ»፣ «ሸፈነ» የነበረው «ሰፈነ» ሆኖ ይነበባል። መፍትሔው ግን ፊደሉን መውቀስ ሳይሆን መሣሪያውን ማወቅ ነው።

ቀለም ረጪው ፕሪንተር የሚጽፈው ከጠጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ነው። ሥራ ፈትቶ ሲከርም ቀለሙ በቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ይደርቃል፤ ነጩ መስመር በአብዛኛው ከዚያ ይመጣል። ስለዚህ አስቀድሞ የመፈተሻውን ገጽ ማተም፣ መስመሮቹ ከተቆራረጡም ማጽጃውን ማዘዝ ይገባል። በሁለትና በሦስት ጊዜ ካልጠራ ጥቂት ሰዓት ማሳረፍ ይበጃል፤ ማጽጃው ራሱ ቀለም ይጠጣልና። በሳምንት አንድ ባለቀለም ገጽ ማተም ደግሞ ድርቀቱን አስቀድሞ ይከላከላል። ፊደሉ ከተድበሰበሰ፣ ወይ ወረቀቱ ቀለም መጣጭ ነው፣ ወይ በኮምፒዩተሩ የተመረጠው የወረቀት ዓይነት ከገባው ጋር አልተስማማም። በሌዘር ፕሪንተር ጽሑፉ ከደበዘዘ፣ የቶነሩን ካርትሪጅ አውጥቶ በቀስታ ግራና ቀኝ መወዝወዝ ለጊዜው ያገለግላል። አንድ ነጥብ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ከታየ ግን ጥፋቱ ከሚሽከረከሩት ክፍሎች በአንዱ፣ ብዙውን ጊዜ በድራሙ ላይ ነው።

«ጣለውና አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር የሚጠቅመው ለሻጭ ነው። ብዙ አምራቾች መሣሪያውን በርካሽ ሸጠው ትርፋቸውን ከቀለሙ ይለቅማሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በሌክስማርክ ጉዳይ፣ አምራች አንዴ የሸጠው ካርትሪጅ ተሞልቶ እንዳይሸጥ በፓተንት መብቱ ሊከለክል እንደማይችል ወስኗል። የገዛ ሰው የገዛውን የመንከባከብና የማደስ መብት አለው። መብት ካለ ግን ኃላፊነትም አለ፤ ለመሣሪያው የማይስማማ ቀለም ሞልቶ በአምራቹ ማማረር አያዋጣም።

«ታዲያ ለአንድ ወረቀት ይህ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ፣ በቤቱ ካልሆነ በቀር አማርኛ በማያይበት ከተማ የሚያድግ ልጅ አለ። በመንገድ ላይ ታርጋ፣ በሱቅ ደጃፍ ጽሑፍ አያርመውም። ጭረቷ የጠፋችበትን «ሸ» «ሰ» ብሎ ሲያነብ የተሳሳተው እርሱ አይደለም፤ ወረቀቱን ሳያይ የሰጠው ነው።