ገንፎ የማይገነፋላት

ለአራስ ያለን ወግ ባለጸጋ ነው፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የጠያቂው ብዛት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ምርቃት። በኢንዶሜትሪዮሲስ ምክንያት በላፓሮስኮፒ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላት ሴት ግን ምን አዘጋጅተናል? የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማኅፀን ውጭ እየበቀለ ዓመታት ሲያሠቃያት «የወር አበባ ነው፣ ቻይው» ብለናታል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሂላሪ ማንቴልም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ እንደምትተርከው፣ ሕመሟ የአእምሮ ነው ተብሎ የአእምሮ መድኃኒት ታዝዞላት ነበር፤ የበሽታዋን ስም ያገኘችው ራሷ የሕክምና መጽሐፍ አገላብጣ ነው።

ዛሬ ካሜራው በትንንሽ ቀዳዳዎች ይገባል፤ የጠባሳው ማነስ ግን ጠያቂን ያታልላል። ሴቲቱ ከዋዜማው ሌሊት ጀምራ እህል ሳትቀምስ፣ በሰመመን ተኝታ፣ ሆዷ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተነፍቶ ነው የተመለሰችው። በማግሥቱ ትከሻዋን ሲወጋት ትደነግጥ ይሆናል፤ የተረፈው ጋዝ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ እየነካካ ነው። ሳቅ እንኳ ያማል። ድካሙም ስፌቱ ከደረቀ በኋላ ሳምንታት ሊዘልቅ ይችላል። እኛ በሦስተኛው ቀን ምጣድ ላይ እንጠብቃታለን!

እሷም አራስ ትባል እላለሁ፣ ልጅ ባትታቀፍም። ጠያቂዋ አጥሚቱን ታፍላላት፣ ጀሪካኑን ታንሣላት፤ «መቼ ነው የምትወልጂው?» የሚለውን ግን ከደጅ ትተወው።