ዕቃው የተበላሸው መንገድ ላይ ሳይሆን ቤት ነው



ሰሞኑን አንድ ወሬ በዝቷል። «ፖስታ ቤቱ ዕቃ ይሰብራል፣ የአውቶቡስ ረዳት ይወረውራል» ይባላል። ቡና ላይ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ባለፈው ስብሰባም አጀንዳ ይያዝልን ተብሏል። እኛ ይህን ወሬ እንዳለ አንቀበለውም። የሚወረውር የለም አላልንም፤ አለ። ግን በአንድ ስስ ፌስታል ተቋጥሮ፣ በማዳበሪያ ተሰፍቶ የተላከ በርበሬ ቢፈነዳ ጥፋቱ የረዳቱ ነው እንዴ?

ዕቃችን ከደባርቅ ተነስቶ፣ ዳባትን አልፎ ጎንደር እስኪገባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ይጫናል፣ ይወርዳል፣ ሌላ መኪና ላይ ይወጣል፣ ኬላ ላይ ይፈተሻል። በላዩ ላይ የሰው ኩንታል ይጫንበታል። ይህን እያወቁ ጠርሙስ በነጠላ ጠቅልሎ «እግዜር ያውቃል» ብሎ መስጠት እምነት አይደለም፤ ስንፍና ነው። ደግሞ ቅቤ አለ። እዚህ ደባርቅ ቅቤ በብርዱ ይረጋል፣ ክዳኑ ላላ ቢልም ጠብ አይልም። ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ሲደርስ ግን ዘይት ነው። ላኪው ደጋ ሆኖ ያየውን ብቻ ያምናል።

ዕቃው የላኪው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን። ባለፈው ጥር የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአንዱ ቅቤ ፈሶ የሌላዋን ጎረቤት የሠርግ ቀሚስ ለወሰው። ልጅቱ በተውሶ ልብስ ተዳረች። ባለቅቤው ግን ይቅርታ እንደመጠየቅ ረዳቱን ሲረግም ሰነበተ። ይህን አድራጎት አጥብቀን እንነቅፋለን። የተማሪ ልጅ ስንቅም እንዲሁ ነው። ሽሮውን ከወፍጮ እንደመጣ ትኩሱን አፍኖ የላከ ሰው፣ ልጁ «ሻግቷል» ብሎ ሲደውል ፖስታ ቤት ሄዶ ይጣላል። ትኩስ ዱቄት ከታፈነ ያልበዋል፣ ያላበው ይሻግታል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ልጁ ግን ያን ወር በምን ይበላል?

አንዳንዶች «ካርቶን ምናምን የከተማ ቅንጦት ነው፣ እናቶቻችን መቼ ያውቁታል» ይሉናል። እናቶቻችንን አታስታኳቸው! አገልግል ምንድን ነው? ስፌቱ ከውስጥ፣ ቆዳው ከውጭ፣ ክዳኑ ልክክ ያለ፣ በጠፍር የታሰረ። እንጀራው እስከ አፉ ስለሚሞላ ውስጡ ባዶ ቦታ የለም። በቅሎ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲናጥ ውሎ ወጡ አይፈስም። ሁለት ግድግዳ፣ ባዶ ቦታ የሌለው፣ ጠብቆ የታሰረ፤ ፖስታ ቤትም የሚለው ይህንኑ ነው። የተበላሸው ማዳበሪያ ከመጣ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ዱቄቱና በርበሬው ይብረድ፤ በሁለት ወፍራም ላስቲክ ይቋጠር፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ቅቤው ተነጥሮ ክዳኑ በሚጠብቅ የላስቲክ ዕቃ ይሁን፣ እሱም እንደገና በላስቲክ ይታሰር። ጠንካራ ካርቶን ውስጥ ከባዱ ከታች፣ የሚሰበረው መሐል፣ ዙሪያውን በአሮጌ ልብስ ወይም በተጨማደደ ጋዜጣ ጠቅጥቁት። ከዚያ ዝጉና ነቅንቁት፤ ከተንኳኳ አልታሸገም። መጋጠሚያውን ሁሉ በፕላስተር፣ ከላይ በሲባጎ። የተቀባይ ስም፣ ከተማ፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥርና ስልክ በላዩ ይጻፍ፣ የላኪም እንዲሁ። ጽሑፉ ዝናብ እንዳያጥበው ፕላስተር ይለጠፍበት። ይኸው አድራሻ በወረቀት ውስጡም ይግባ፤ የውጩ ቢቀደድ የውስጡ ይናገራል።

ብር በበርበሬ ውስጥ የምትደብቁም አላችሁ። ባንክ እያለ፣ ቴሌብር እያለ! ብሩ ቢጠፋ ያልነካው ሁሉ ይጠረጠራል።

ወደ ውጭ አገር ለምትልኩ ደግሞ፤ ካርቶኑን ቤት አሽጋችሁ አትሂዱ፣ ይፈተሻል። በጉምሩክ ቅጹ ላይ የሚሞላውና ውስጡ ያለው መግጠም አለበት። ቋንጣና ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በግል ጥቅል አይገቡም፤ የተገኘ ይወረሳል። ሽቶ፣ ላይተርና ጋዝም በአውሮፕላን ፖስታ አይሄዱም። ጭድ እንዳትጠቀጥቁ፤ ብዙ አገር የእህል በሽታ ያመጣል ብሎ አይቀበለውም።

ፕላስተር ውድ ነው የምትሉ፣ የአንድ ኪሎ በርበሬ ዋጋ ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ባዶ ካርቶን ከባለሱቆች ለምነን በማኅበሩ ቤት አስቀምጠናል፤ ፕላስተርና ሚዛንም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ ማሸግ ያልቻለ አረጋዊ ካለ ወጣቶቹ ያሽጉለታል። በሚቀጥለው ስብሰባ በረዳት ወይም በፖስታ ቤት ላይ ክስ የሚያቀርብ ሰው፣ አስቀድሞ ዕቃውን በምን እንዳሸገው ይናገር። «በማዳበሪያ ሰፍቼ» ካለ አጀንዳ አንይዝለትም።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ደባርቅ