ሠርቶ የሚበላን ጥገኛ ማለት

እንደ አምበር ባለ ጤፍ አብቃይ አገር ተቀምጦ «ሴፍቲኔት ሕዝቡን እጅ ጠባቂ አደረገው» ማለት ቀላል ነው። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ሸበል በረንታም ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ አፈሩ ግን ሌላ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ምጽዋት አይደለም። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን። የሕፃናቱን ድርሻ የሚሠሩት እናትና አባት ናቸው። ሳይሠሩ የሚረዱት ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ክፍያው ሲጀመር በእህል ሲሰላ በነፍስ ወከፍ በወር 15 ኪሎ ነበር። በቀን ግማሽ ኪሎ! እሱም ለ6 ወር ብቻ፣ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ። በዚህ ማን ይንደላቀቃል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለቅጥር ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ ይሰጣል። ደግ ሕግ ነው፤ ተጠቃሚውን ጥገኛ ያለው የለም። አውሮፓ ውስጥ ሥራ ያጣ ሰው ቤቱ ሆኖ ሲደጎም «ሥልጣኔ» የሚለው የከተማ ሰው፣ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን የሚክበውን ገበሬ በየትኛው አንደበቱ ሰነፍ ይለዋል?

መጠየቅ ካስፈለገ፣ የተሠራበት ክፍያ ለምን በወቅቱ እንደማይደርስ ይጠየቅ። ተጠያቂው ደግሞ ቢሮ ውስጥ ነው።